የሯጭ ቅልጥም ሲወጠር፦ ማረፍ፣ የእግር አረጋገጥ መቀየር ወይስ ቢላ?

11 ደቂቃ። ሰዓቴን አይቼ ነው የምለው። 2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ተነስተን የአዘዞን ቁልቁለት ስንይዝ፣ 11ኛው ደቂቃ ላይ የሁለቱም እግሮቼ ቅልጥም ከፊት በኩል ይወጠራል። አይወጋም፣ አያቃጥልም። ጠባብ ቦቲ ተጫምቶ እግር ውስጡ ሲያብጥ ዓይነት ነው። 14ኛው ላይ የቀኝ እግሬ ጣቶች ወደ ላይ አልነሳ ይሉና ውስጥ እግሬ አስፋልቱን ጧ! ጧ! እያደረገ ይመታል። ከኋላዬ የምትሮጠው ጓደኛዬ "አንቺ፣ በነጠላ ጫማ ነው እንዴ የምትሮጪው?" እያለች ትስቅ ነበር።

ቆሜ ሩብ ሰዓት ከተቀመጥኩ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ችግሩም እሱ ነው፤ የሚያምመኝ ስሮጥ ብቻ ስለሆነ የሚያየው ሰው የለም። አሰልጣኜ ስንፍና መሰለው። እናቴ "ብርድ ነው፣ በጠዋት እየወጣሽ" አለች። አንድ የጤና ባለሙያ ቅልጥሜን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጻፈልኝ። ትክክለኛ ስሙን እስካገኝ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፦ በእንቅስቃሴ የሚቀሰቀስ ሥር የሰደደ ኮምፓርትመንት ሲንድረም።

ሐኪም አይደለሁም። ያሉትን አማራጮች አብዛኞቹን በራሴ እግር የሞከርኩ፣ ያልሞከርኩትንም እየጠየቅሁ የተማርኩ ሯጭ ነኝ። ይህን የምጽፈው "ቀዶ ሕክምና ልግባ ወይስ ልተወው?" እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው።

ምንድን ነው የሚወጠረው?

ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎቻችን በአራት ክፍል (ኮምፓርትመንት የሚባለው ይህ ነው) ተከፋፍለው ነው የተቀመጡት፦ የፊት፣ የውጭ ጎን፣ ላይኛው የኋላ እና ጥልቁ የኋላ። እያንዳንዱ ክፍል ፋሺያ በሚባል ጠንካራ ነጭ ልባስ ተጠቅልሏል። የፋሲካን በግ የበለተ ሰው ያውቀዋል፤ በሥጋና በሥጋ መካከል ቢላውን የሚያስቸግረው ያ ነው። ስንሮጥ ጡንቻ ደም ይሞላና እስከ 20 በመቶ ያህል ያብጣል። ልባሱ ግን እንደ ጡንቻው አይለጠጥም። ስለዚህ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፣ ነርቭም ይጫናል። ሩጫው ሲቆም ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሕመሙም አብሮ ይሄዳል።

የትኛው ክፍል እንደታመመ ብዙ ጊዜ የሚናገረው የሚደነዝዘው ቦታ ነው። በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለችው ቦታ ከደነዘዘች የፊተኛው ክፍል ነው። የእግር ጀርባ ከሆነ የውጭው ጎን፣ ውስጥ እግር ከሆነ ጥልቁ የኋላ ነው። እኔ የመጀመሪያው ነበርኩ። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ምርጫውን የምትወስነው እሷ ናት።

ከመምረጣችሁ በፊት፦ በእርግጥ ይህ ነው?

የሯጭ ቅልጥም ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም፤ መፍትሔውም ይለያያል። ከሁሉ የሚበዛው ሺን ስፕሊንት የሚባለው ነው። እሱ የሚያምመው በቅልጥም አጥንት የውስጥ ጠርዝ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው። ጠርዙን በጣት ስትከተሉት ረዘም ያለ ቦታ ያምማል። ብዙ ጊዜ ሩጫው ሲጀመር ያመዋል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይተወዋል፣ ከሩጫ በኋላ ይመለሳል። የእኛው ተቃራኒ ነው፦ ሲጀመር ሰላም፣ ሲሞቅ ጭንቅ፣ ሲቆም ሰላም።

የድካም ስብራት፣ ማለትም ከምት መደጋገም አጥንት ላይ የሚወጣ ስንጥቅ፣ ደግሞ በአንድ ጣት የምትሸፈን ነጥብ ላይ ቁርጥ አድርጎ ያምማል። እየባሰ ሲሄድ በእርምጃም፣ ሌሊት ተኝታችሁም አይተዋችሁም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል "ራጁ ንጹሕ ነው" መባል ብቻውን ነጻ አያወጣም። ባት ላይ ሆኖ እግር የሚቀዘቅዝና የሚገረጣ ከሆነ ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው የደም ሥር በጡንቻ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከኮምፓርትመንት ጋር በቀላሉ ይምታታል። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሳይሮጡም የሚያምም ከሆነ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ለመለየት ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ የእጅ ሰዓት ነው። ለሁለት ሳምንት ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደጀመረ፣ ስንተኛው ላይ እንዳስቆማችሁ፣ ካቆማችሁ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የት እንደደነዘዘ ጻፉ። በተመሳሳይ መንገድና ፍጥነት የእኔ ከ10 በታች፣ ከ12 በላይ ሆኖ አያውቅም። ያቺን የተጨማደደች ደብተር ይዤ ስቀርብ ነው የመጀመሪያው ሐኪም ቀና ብሎ ያየኝ።

ያ ሐኪም ያደረገውን ሌሎቹም ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። "እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አይታይም። ውጪና ግቢውን እየዞርሽ ሩጪ፣ ሲያምሽ ነይ" አለኝ። አስታማሚዎች የምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ ቆመው እያዩኝ በሆስፒታሉ ግቢ ዞርኩ። በ13ኛው ደቂቃ እያነከስኩ ስገባ ሱሪዬን ሰብስቤ ቅልጥሜን አስነካሁት። እንጨት ሆኗል። ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ውጭ በኩል የለውዝ ፍሬ የምታህል እብጠት ብቅ ብላለች። "ጡንቻሽ በልባሱ ቀዳዳ ሾልኮ ነው" አለኝ። በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ትታያለች፤ እያረፉ ቢፈልጓት አትገኝም።

መለካት ወይስ በምልክት ብቻ መወሰን?

ምርመራውን ማረጋገጫው በመርፌ የሚለካ ግፊት ነው። ከሩጫ በፊት፣ ካቆሙ ከ1 ደቂቃ በኋላና ከ5 ደቂቃ በኋላ ይለካል። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙበት መስፈርት በዕረፍት 15፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ 30፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከሞላ በቂ ነው ይባላል። የእኔ ቀኝ እግር በዕረፍት 18፣ ከዚያ 46፣ ከዚያ 31 ነበር።

ይህን ለመለካት አዲስ አበባ ነው የሄድኩት። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ የአክስቴ ቤት ሶፋ፣ የሁለት ሳምንት ፈቃድ። ታዲያ ሁላችሁም ሂዱ እላለሁ? አልልም። ቢላን ካላሰባችሁ መርፌው የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው። ማረፍንም፣ አረጋገጥ መቀየርንም ያለ ቁጥር መጀመር ይቻላል። ቀዶ ሕክምና ካሰባችሁ ግን ሳይለካ የሚከፈት እግር እኔን አያሳምነኝም፤ መስፈርቱ ራሱ በሐኪሞች ዘንድ እንከን ቢወጣለትም የትኛው ክፍል እንደሚከፈት ለማወቅ ከግምት ይሻላል።

ምርጫ የሌለበት ጉዳይ

ስሙ አንድ ሆኖ ጠባዩ ፍጹም ሌላ የሆነ አለ፤ ድንገተኛው ኮምፓርትመንት ሲንድረም። አብዛኛውን ጊዜ ከስብራት፣ ከመጨፍለቅ ወይም ከጠበቀ ማሰሪያ በኋላ ይመጣል። ሕመሙ ከጉዳቱ ጋር አይመጣጠንም፣ ብታርፉም አይተውም፣ ሰው ጣታችሁን ሲያንቀሳቅስላችሁ ያስጮኻል። በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ ጡንቻው ይሞታል፤ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚተርፈው እያነሰ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ መናገር አለብኝ። አያቴን ከበቅሎ ወድቀው ያሻቸው ወጌሻ ነው፤ ሙያውን አልንቅም። ነገር ግን የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ፣ ጣት ጠቁሮ፣ እግር እስከ መቆረጥ መድረሱ በአገራችን ሐኪም ቤቶች የታወቀ ታሪክ ነው። ማሰሪያው በገባ በሰዓታት ውስጥ ሕመሙ ከበረታ፣ ጣት ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ማንንም ሳታስፈቅዱ ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አታድርጉት፤ ከልብ ጋር እኩል ይሁን፤ ከፍ ሲል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። የእኛ የሯጮቹም ሕመም አንድ ቀን ካቆማችሁ በኋላ ሰዓት አልፎም ካልተወ ያው ድንገተኛው ነው ብላችሁ ሂዱ።

ማረፍ፣ መታሸት፣ መተው

ማረፍ ሕመሙን ያስተኛዋል እንጂ አይነቅለውም። ሁለት ወር ሙሉ ጫማዬን አልጋ ሥር ወርውሬ ቆየሁ። በሦስተኛው ወር የመጀመሪያ ሩጫዬ ላይ 11ኛው ደቂቃ እዚያው ቦታው ላይ ጠበቀኝ። ሺን ስፕሊንትና የድካም ስብራት በዕረፍት ይሻሻላሉ፤ ይህ ራሱ አንድ መለያ ነው።

እናቴ ማታ ማታ ቅቤ እያሞቀች ታሸኝ ነበር። ደስ ይላል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ ልባሱን ግን አያሰፋውም። ባት የሚያጠብቅ የስፖርት ካልሲም እንዲሁ፤ ከውስጥ የተወጠረን ነገር ከውጭ ማጥበቅ ምን ይሉታል? በጂም ክሬያቲን የሚባለውን የጡንቻ ማጎልበቻ የምትጠጡ ካላችሁ አቁሙት፤ በቅልጥም የፊት ክፍል ውስጥ ግፊት እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል።

መተው የሚባለው ግን ሰዎች እንደሽንፈት ያዩታል እንጂ ሙሉ አማራጭ ነው። ሥር የሰደደው ዓይነት በዕለት ኑሮ ላይ አደጋ የለውም። የምትሮጡት ለጤና ከሆነ ብስክሌት ወይም ዋና ብዙዎችን አያምማቸውም። ሠፈሬ ያለ አንድ መምህር ይህንኑ መርጦ በየጠዋቱ ጎሃ ሆቴል ወዳለበት ኮረብታ በዝግታ እየወጣ ይመለሳል። ጤናው ከእኔ ይሻላል።

አረጋገጥን መቀየር

ከቢላ በፊት ሁሉም ሰው መሞከር ያለበት ይህንን ነው፤ በተለይ የታመመው የፊተኛው ክፍል ከሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እግራችንን ከሰውነታችን አርቀን ዘርግተን በተረከዝ ስናርፍ፣ የእግር ፊት በድንገት መሬት እንዳይመታ ገትቶ የሚያወርደው የቅልጥም የፊት ጡንቻ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ይሠራል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሥራው ይበዛል። የአዘዞ መንገድ ለምን እንደጎዳኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 10 ታማሚዎች ለ6 ሳምንት በተረከዝ ሳይሆን በእግራቸው የፊት በኩል መርገጥን ሠልጥነው ግፊታቸውና ሕመማቸው በአማካይ ቀንሷል፤ በዓመቱም ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። 10 ሰው ጥቂት ነው። ግን የሚያስከፍለው ትዕግሥት ብቻ ነው።

እኔን ያሠለጠነችኝ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሙያው የሚያስተምር ክፍል ስላለው ከተማችን በዚህ አልተበደለችም። መጀመሪያ ያደረገችው በስልኳ ከጎን መቅረጽ ነበር። ራሴን ሳየው አፈርኩ፤ ተረከዜ ከጉልበቴ አንድ ክንድ ቀድሞ ነው የሚያርፈው። ከዚያ "አትዘርጊ፣ ረግጠሽ ቶሎ አንሺ" አለችኝ። በደቂቃ የምረግጠውን ከ160 ወደ 174 አሳደገችው፤ ስልኬ ላይ ምት ሰጪ ከፍቼ በእሱ ነው የምሮጠው። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ 10 ጊዜ። የአፈር መንገድ ላይ፣ ሜዳ ላይ። ኮብልስቶኑን ለጊዜው እርሱት።

ዋጋም አለው። ከቅልጥም ያነሣችሁት ሸክም ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ይሄዳል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ቸኩዬ 6 ኪሎ ሜትር ሮጥኩና ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ጅማቴ እንደ ደረቀ ጠፍር ሆኖ ጠበቀኝ። የኋላ ክፍሎቻችሁ ከሆኑ የታመሙት ይህ ዘዴ ሊያባብስባችሁ ስለሚችል ያለ ባለሙያ አትጀምሩት።

በአራት ወር 11 ደቂቃዬ 26 ደረሰ። ግራ እግሬ ከሞላ ጎደል ዳነ። ለጤና ሯጭ ቢሆን እዚህ ላይ ማቆም ነበር፤ ለ10 ሺህ ሜትር ሯጭ ግን 26 ደቂቃ አይበቃም።

መርፌው

ቦቱሊነም ቶክሲን፣ ሰው ቦቶክስ የሚለው፣ ጡንቻው ውስጥ ተወግቶ ጡንቻውን ያደክመዋል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ውጤቱ ጥሩ የሆነባቸው ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ግን ለወራት እንጂ ለዘለቄታው አይደለም፣ የጡንቻ ጉልበትም ይቀንሳል። ጉልበቱን ለሚሸጥ ሯጭ ጉልበት የሚቀንስ መድኃኒት አልታየኝም፤ አለፍኩት።

ቢላው

ፋሺዮቶሚ ይባላል። ቆዳ ላይ አንድ ወይም ሁለት አጭር ቅድ ይደረግና በእሷ በኩል ልባሱ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ልባሱ መልሶ በክር አይሰፋም፤ የሚሰፋው ቆዳው ብቻ ነው። ያበጠው ጡንቻ ቦታ ያገኛል።

ውጤቱ እንደ ክፍሉ ነው። የፊተኛውና የውጭው ጎን ሲከፈት ከ10 ሰው 8 ያህሉ ይረካል። ጥልቁ የኋላ ሲሆን ግን የሚረካው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ቦታው ለቢላ አስቸጋሪ ነው፣ ምርመራውም ይሳሳታል። "ጓደኛዬ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ዳነች" ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የእሷ የትኛው ክፍል እንደነበር ጠይቁ።

ስጋቶቹ ኢንፌክሽን፣ ደም መቋጠር፣ ጠባሳው እየጠነከረ ሕመሙ መመለስ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በውጭው ጎን ቆዳ ሥር የሚያልፈው ነርቭ መነካት ናቸው። ይህ ነርቭ እኔንም አልማረኝም። ቀኝ እግሬ ጀርባ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ እስከዛሬ ደንዝዛ አለች። ካልሲ ስለብስ ብቻ ትዝ ትለኛለች።

እኔ የተከፈተው ቀኙ ብቻ ነው። ሐኪሙ "ሁለቱንም በአንዴ እንገላገል" ብሎኝ ነበር። ግራው በአረጋገጥ ለውጥ እየዳነ ስለነበር "ዶክተር፣ የግራውን እናቆየው" አልኩ፤ አልተቆጨሁም። በሁለት ቀን ውስጥ በክራንች ቆምኩ፣ በ12ኛው ቀን ስፌቱ ወጣ፣ በ7ኛው ሳምንት አፈር ላይ ሶምሶማ፣ በሦስተኛው ወር መጨረሻ አዘዞ ደርሼ ተመለስኩ። ጧ ጧ የለም።

ታዲያ ማን የቱን?

የምትሮጡት ለጤና ከሆነና ሕመሙ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመጣ ከሆነ አረጋገጣችሁን ቀይሩ፣ ካልሆነ በእርምጃና በብስክሌት ተኩት። ቢላ ለእናንተ አይደለም። የምትወዳደሩ ሆናችሁ የፊተኛው ክፍል ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ወር በእውነተኛ ክትትል አረጋገጥን ሞክሩ፤ ክትትል ስል በወሬ ሳይሆን በደብተር። ደቂቃው እያደገ ከሆነ ቀጥሉ፤ ከቆመ ተለኩና ወደ ቀዶ ሕክምና ሂዱ። እኔ የዘገየሁት ሕክምናውን በመምረጥ አይደለም፣ ስሙን ባለማወቅ ነው። ጥልቁ የኋላ ከሆነባችሁ ከመከፈታችሁ በፊት ለሌላ ሐኪም አሳዩ፣ ከጉልበት ጀርባ ያለው የደም ሥርም ይታይ። ሲያርፍም የማይተው ሕመም ካለባችሁ ከእነዚህ አንዱንም አትምረጡ፤ ምርመራው ገና አልተጠናቀቀም።

ለቀዶ ሕክምና ከወሰናችሁ ሐኪሙን የትኛውን ክፍል እንደሚከፍት፣ ይህን ቀዶ ጥገና ስንት ጊዜ እንደሠራ፣ ነርቩን በዓይኑ እያየ ይሁን በግምት እንደሚሰነጥቅ ጠይቁት። ጥያቄው ድፍረት ይመስላል፤ ግን እግሩ የእናንተ ነው። ክፍያውንም ከነፊዚዮቴራፒው አንድ ላይ አስቡት፤ ቀዶውን ከፍለው ለክትትሉ ገንዘብ ያጡ ሁለት ልጆች አውቃለሁ።

ከጎንደር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ባደረጋችሁ ማግስት አውቶቡስ እንዳትይዙ። ቀኑን ሙሉ እግር አጥፎ መቀመጥ ያሳብጣል፣ ደምም ሊያረጋ ይችላል። ስፌቱ እስኪወጣ ዘመድ ቤት ቆዩ። ስትመለሱ መተላለፊያ ዳር ያለውን ወንበር ያዙ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ውረዱና ተራመዱ። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ በክራንች ወርጄ ስንፏቀቅ ረዳቱ "እህት፣ አትሩጪ ደግሞ!" ብሎ መኪናውን ሙሉ አሳቀብኝ።